አቧራው እንደ መዝገብ፦ በአርክቲክ ታንድራ የማዕድን ብናኝ ክትትል ታሪክና የማስረጃ ጥያቄ



የታሪክ ተመራማሪ ስለ አቧራ ምን አገባው የሚል ይኖራል። አቧራ የጂኦሎጂ፣ የሥነ ሕይወት፣ ምናልባትም የሕክምና ባለሙያዎች ጉዳይ ነው፤ የእኛ ድርሻ ከአሮጌ መዛግብት ላይ ማራገፍ ብቻ ይመስላል። ዛሬ የማቀርበው አቧራው ራሱ መዝገብ የሆነበትን ታሪክ ነው። በአላስካና በሰሜን ካናዳ ታንድራ ላይ ከማዕድን ማውጫዎችና ከማጓጓዣ መንገዶቻቸው የሚነሣው ብናኝ በዕፅዋትና በዱር እንስሳት ላይ ያደረሰውን ለውጥ ለማወቅ ባለፉት ስድሳ ዓመታት የተደረገውን ጥረት እንመለከታለን። የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። ክትትል የምንለው ሥራ በመሠረቱ የማስረጃ ምርመራ ነው፤ ዋጋውም ከመሣሪያው ረቂቅነት ይልቅ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ምስክር እንደ ጠየቀ ይወሰናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥፍራውና ነዋሪዎቹ

ታንድራ ዛፍ የማይበቅልበት የሰሜን ዳርቻ ምድር ነው። በአጭሩ በጋ ከላይ ያለው ጥቂት አፈር ይቀልጣል፤ ከሥሩ ያለው ግን ከዓመት እስከ ዓመት እንደ በረደ ይኖራል። በዚህ ምድር ላይ ከመሬት ብዙም ከፍ የማይሉ ሁለት ፍጥረታት ትልቅ ቦታ አላቸው። አንደኛው ሞስ ነው፤ እንደ ምንጣፍ መሬቱን የሚያለብስ፣ እውነተኛ ሥር የሌለው አረንጓዴ ተክል። ሁለተኛው ሊከን ነው፤ በእኛም ደጋ በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ እንደ ሽበት ተለጥፎ የምናየው፣ ፈንገስና ዋቅላሚ ተጣምረው የሚፈጥሩት አካል። ሁለቱም ውኃና ምግባቸውን በአብዛኛው ከዝናብ፣ ከበረዶና ከአየር ይቀበላሉ። አየሩ ያመጣላቸውን ጠቃሚውን ከጎጂው ለይተው የመተው ችሎታ ግን የላቸውም። በዝግታ ስለሚያድጉና ረጅም ዕድሜ ስላላቸው የተቀበሉትን ለዓመታት ይዘው ይቆያሉ።

ሊከን በክረምት የካሪቡ ዋነኛ ምግብ ነው። ካሪቡ በመንጋ ሆኖ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የአጋዘን ወገን ሲሆን፣ ለኢኑፒያትና ለሌሎች የሰሜን ሕዝቦች ደግሞ ምግብም፣ ልብስም፣ የኑሮ ሥርዓትም ነው። ስለዚህ በሊከን ላይ የሚያርፍ ነገር በሦስት እርምጃ ከሰው ማዕድ ይደርሳል። ይህ አጭር ሰንሰለት የዛሬው ታሪካችን አከርካሪ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት

ሊከን የአየርን ሁኔታ እንደሚመሰክር የታወቀው ቀድሞ ነው። ፊንላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ዊልያም ኒላንደር በ1866 በፓሪስ የሉክሰምቡር የአትክልት ሥፍራ የሚገኙትን ሊከኖች አጥንቶ፣ መኖርና አለመኖራቸው የአየሩን ንጽሕና እንደሚያመለክት ጽፏል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ኦከ ሩሊንግና ገርሙንድ ቲለር የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች ሞስን እየሰበሰቡ በውስጡ የተከማቸውን እርሳስ በመለካት ዘዴውን ወደ ቁጥር አሸጋገሩት። ዛሬ በአውሮፓ አገሮች በየአምስት ዓመቱ የሚካሄደው የሞስ ቅኝት ከዚያ ሥራ የተወለደ ነው።

በአርክቲክ ግን ጥያቄውን አጣዳፊ ያደረገው ማዕድን አልነበረም፤ የኑክሌር ፍንዳታ ነበር። በ1958 የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን በሰሜን ምዕራብ አላስካ፣ በኬፕ ቶምፕሰን፣ በኑክሌር ፍንዳታ ወደብ ለመቆፈር አቀደ። እቅዱ ፕሮጀክት ቻሪዮት ተባለ፤ ዋና አቀንቃኙም የፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ቴለር ነበር። በአቅራቢያው የሚኖሩት የፖይንት ሆፕ ኢኑፒያት እቅዱን አጥብቀው ተቃወሙ። ኮሚሽኑ የአካባቢውን ሥነ ምኅዳር የሚመረምሩ ጥናቶችን አስጀመረ። ከተመራማሪዎቹ መካከል የካሪቡ ባለሙያው ዊልያም ፕሩይትና የዕፅዋት ባለሙያው ሌስሊ ቪሬክ ይገኙ ነበር። ከሰማይ የሚወርድ ራዲዮአክቲቭ ብናኝ በሊከን ተይዞ፣ በካሪቡ አልፎ፣ ከአዳኙ ሰውነት እንደሚደርስ የሚያሳየው ሰንሰለት የተቃውሞው ዋና ሳይንሳዊ መሠረት ሆነ።

እቅዱ በ1962 ተተወ። የጥናቶቹ ውጤት በ1966 ዳጎስ ባለ ጥራዝ ታተመ፤ ለአርክቲክ ሥነ ምኅዳር ከተዘጋጁት የመጀመሪያዎቹ ሰፊ የመነሻ መረጃዎች አንዱ እስከ ዛሬ እርሱ ነው። ፕሩይትና ቪሬክ ግን በወቅቱ የዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን አጡ። ዩኒቨርሲቲው ለሁለቱም የክብር ዶክትሬት የሰጣቸው ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1993 ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንውሰድ። ከአየር የሚወርደውን ለማወቅ ሊከንን፣ ካሪቡንና ሰውን በአንድ ሰንሰለት ማየት እንደሚያስፈልግ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታውቋል። ይህን እውቀት ይዞ መናገር ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑም የታየው ያን ጊዜ ነው።

የጠጠር መንገዱ

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በነዳጅ ነው። በ1974 ከዩኮን ወንዝ እስከ ፕሩዶ ቤይ ከ570 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የጠጠር መንገድ በአምስት ወር ውስጥ ተሠራ፤ ዛሬ ዳልተን አውራ ጎዳና ይባላል። መንገዱ የተሠራው ለነዳጅ ቧንቧው ግንባታ እንጂ ለማዕድን አልነበረም። ነገር ግን አቧራ ብቻውን፣ መርዛማ ብረት ሳይጨመርበት፣ ታንድራን ምን እንደሚያደርግ ያስተማረው ይህ መንገድ ነው።

ዶናልድ ዎከርና ኬይ ኤቨረት በ1987 ያሳተሙት ጥናት፣ ከአሥር ዓመት በኋላም እነ አወርባክ ያወጡት፣ ተመሳሳይ ሥዕል ያሳያሉ። በበረዶ ላይ ያረፈ አቧራ ያጠቁረዋል፤ የጠቆረ በረዶ የፀሐይን ሙቀት ስለሚስብ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ከሌላው ቀድሞ ይቀልጣል። ቀድሞ የተገለጠውን መሬት ፍለጋ ወፎችና ሌሎች እንስሳት በጸደይ ወደ መንገዱ ይሳባሉ። ጠጠሩ የኖራነት ባሕርይ ሲኖረው ደግሞ አቧራው የአፈሩን አሲድነት ይቀንሳል፤ አሲዳማ አፈር የሚወዱ ሞሶች ከመንገዱ ዳር ይጠፋሉ፣ ሊከንም ይሳሳል። የሞሱ ምንጣፍ ሲነሣ ከሥሩ ያለው የበረደ አፈር መከለያውን ስለሚያጣ በበጋ ይበልጥ ወደ ታች ይቀልጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ተራ መኪና ተራ ጠጠር ላይ ሲሄድ ነው። አቧራ መርዝ ባይኖርበትም መልክዓ ምድርን የሚለውጥ ኃይል መሆኑ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሚያነብ ሁሉ በጽሑፍ ቀርቦ ነበር።

ሬድ ዶግ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከኬፕ ቶምፕሰን ወደ ምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በደሎንግ ተራሮች ውስጥ፣ ከዓለም ትላልቅ የዚንክ ማውጫዎች አንዱ የሆነው ሬድ ዶግ ይገኛል። የወንዙን ዳር ቀይ ቀለም ከአየር ላይ ያስተዋለው ቦብ ቤከር የተባለ የአካባቢው አብራሪ ሲሆን፣ ስሙም ከውሻው የመጣ ነው። በ1971 የወጣው የአላስካ ተወላጆች የመሬት ይገባኛል ሕግ የተወላጆች ኩባንያዎችን ፈጠረ፤ ከነዚህም አንዱ ናና ነው። ናና የመሬቱ ባለቤት ሆኖ በ1982 ከካናዳው ኮሚንኮ ጋር ተዋዋለ፤ ኮሚንኮም ኋላ ከቴክ ጋር ተዋሐደ። ማውጫው በ1989 ሥራ ጀመረ። ይህን የባለቤትነት ነገር አጽንቼ የምናገረው ታሪኩን የውጭ ኩባንያና የተበደለ ሕዝብ ወግ ብቻ አድርገን እንዳንወስደው ነው። ማዕድኑ ለኢኑፒያት ሥራና ገቢ ሆኗል። አቧራው የሚያርፈውም በእነዚሁ ኢኑፒያት የአደን መሬት ላይ ነው። አንድ ሰው የኩባንያው ባለአክሲዮን፣ የማውጫው ሠራተኛና የካሪቡ አዳኝ በአንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

የተጣራው የዚንክና የእርሳስ ዱቄት ከማውጫው እስከ ቹክቺ ባሕር ወደብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል በጠጠር መንገድ ይጓዛል። ባሕሩ ከበረዶ ነጻ የሚሆነው በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ፣ ዱቄቱ ዓመቱን ሙሉ ይጓጓዝና በወደቡ ተከማችቶ በጋን ይጠብቃል። ከመንገዱ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ኬፕ ክሩዘንስተርን በተባለው ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ያልፋል። ሥፍራው በ1978 የተከለለ ሲሆን፣ የመንገዱን መተላለፊያ የፈቀደው በ1985 የአሜሪካ ምክር ቤት ያጸደቀው የመሬት ልውውጥ ነው።

ይህ የወሰን ጉዳይ የታሪኩን አቅጣጫ ወሰነ። መንገዱ በጥብቅ ሥፍራው ባያልፍ ኖሮ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ወደዚያ የሚሄድበት ሕጋዊ ምክንያት ባልኖረው ነበር። በ2000 ጄሲ ፎርድና ሊንዳ ሃሰልባክ ለአገልግሎቱ ከመንገዱ በተለያየ ርቀት በስድስት መስመሮች ላይ ሞስና አፈር ሰብስበው ዘገባቸውን በ2001 አወጡ። መንገዱ ሥራ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ነበር። በመንገዱ ዳር በተሰበሰበው ሞስ ውስጥ የእርሳሱ መጠን በአንድ ኪሎ ደረቅ ክብደት ከ100 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ካድሚየምም እንዲሁ ከፍ ብሏል። ከመንገዱ በራቀ መጠን ቁጥሩ በፍጥነት ይወርዳል፤ ነገር ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላም ወደ ተለመደው መጠን አልተመለሰም።

እዚህ ላይ የማስረጃ ክርክሩን ልብ በሉ። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ ብረት የበዛበት ነው፤ የወንዙ ዳር ቀይ የሆነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ብረቱ የመጣው ከተፈጥሮ እንጂ ከጭነት መኪና አይደለም የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሰጡት መልስ ለታሪክ ተማሪ የሚያስደስት ነው። ያለፈውን ዘመን መልሰው መለካት ስለማይችሉ፣ ጊዜን በርቀት ተኩት፤ ከመንገዱ የራቀው ሞስ ስለ «ቀድሞው» እንዲናገር አደረጉ። ከሞሱ ሥር ያለውን አፈርም አብረው መረመሩ። ምንጩ ዐለቱ ቢሆን ኖሮ ብረቱ የዐለቱን አሰላለፍ በተከተለ ነበር። የተከተለው ግን መንገዱን ነው። የተመረጠው የሞስ ዝርያ ደግሞ በየዓመቱ እንደ ደረጃ አንድ እርከን የሚጨምር ነው፤ እርከኑን የሚቆጥር ሰው ዓመት ይቆጥራል።

ዘገባው ባዶ ቃል ሆኖ አልቀረም። በሸራ ብቻ ይሸፈኑ በነበሩት የጭነት ሳጥኖች ፋንታ በ2001 የብረት ክዳን ያላቸው ተሽከርካሪዎች ገቡ። በ2006 እንደገና የተሰበሰበው ሞስ የብረቱ መጠን መቀነሱን አሳየ፤ ቅሪቱ ግን ከመንገዱ ብዙ ሜትሮች ርቆም ይታይ ነበር። በ2022 የታተመ ጥናት ደግሞ በመንገዱ አጠገብ የሊከን ሽፋንና የዝርያ ብዛት ዝቅ ማለቱን አመልክቷል። ክዳኑ የገባው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው፤ የጠፋ ሊከን ለመመለስ ግን አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። የመለካት መዘግየት ዋጋው በእነዚህ ሁለት ፍጥነቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ምስክሮቹን መመርመር

ከዕፅዋት ወደ እንስሳት ስንሸጋገር ማስረጃው ይከብዳል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ቅኝት ተመራማሪዎች በመንገዱ አጠገብና በዚያው ጥብቅ ሥፍራ ደቡባዊ ክፍል የሜዳ አይጦችንና ትናንሽ ወፎችን ይዘው አነጻጸሩ፤ ውጤቱን በ2010 አሳተሙ። በመንገዱ አጠገብ የተያዙት በደማቸውና በጉበታቸው ሃያ እጥፍ ያህል እርሳስ፣ ሦስት እጥፍ ያህል ካድሚየም ነበራቸው፤ በዚንክ ግን ልዩነት አልታየም። ከአንዲት አይጥ የኩላሊት ጉዳት በቀር በውስጥ አካላቸው ላይ የታየ ችግር አልነበረም፤ የእርሳሱም መጠን በሌሎች ጥናቶች ጉዳት ያደርሳል ከተባለው በታች ነበር። ተመራማሪዎቹ ስውር ተጽዕኖ ሊኖር እንደሚችል ግን አልካዱም። ይህ ውጤት በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል። አንዱ «ሃያ እጥፍ» የሚለውን ይዞ ይጮኻል፤ ሌላው «ከጉዳት በታች» የሚለውን ይዞ ያርፋል። ሁለቱም ከአንድ ገጽ ላይ ግማሹን ቀድደው ያነበቡ ናቸው። ተጋላጭነት አንድ ነገር ነው፣ ጉዳት ሌላ፤ ጥናቱ የመጀመሪያውን አረጋገጠ፣ ሁለተኛውን በአብዛኛው አላገኘም።

የሜዳ አይጥ ዕድሜዋን በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ስለምትፈጽም የቦታ ምስክር ናት። ካሪቡ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰፊ ምድር ስለሚያካልል፣ በጉበቱ የተገኘ ብረት ከየት እንደ መጣ በቀላሉ አይታወቅም። የምዕራብ አርክቲክ መንጋ በ2003 ወደ 490,000 የሚጠጋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እጅግ ቀንሷል። ቅነሳው ብዙ ምክንያቶች ሊኖሩት ስለሚችል በአንድ መንገድ አቧራ ላይ መላከክ አይቻልም። ካሪቡ ስለ ሌላ ነገር ግን በሚገባ ይመሰክራል። በ2016 የታተመ ጥናት የመከታተያ ማነቂያ የታሰረላቸውን ካሪቡዎች ተከትሎ፣ ሲሶ ያህሉ በሬድ ዶግ መንገድ አጠገብ ጉዟቸውን እንደለወጡ፣ ያመነቱትም ለመሻገር በአማካይ አንድ ወር ገደማ እንደፈጀባቸው አሳይቷል። ጉበቱን ብቻ የመረመረ ሰው ይህን ባላወቀ ነበር። ለአዳኙ ግን መንጋው በወር መዘግየቱ የክረምት ስንቅ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የረዘመ ትዝታ ያለው ምስክር ደግሞ ሰው ነው። አራት መቶ ያህል ነዋሪዎች ያሏት ኪቫሊና፣ ጎረቤቷም ኖአታክ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ዓሣውና ስለ ካሪቡ ሥጋታቸውን ሲገልጹ ኖረዋል። አዳኝ በኪሎ ስንት ሚሊግራም እንዳለ አይናገርም፤ በረዶው መቼ እንደ ጠቆረ፣ መንጋው ከየት እንደ ዞረ ግን ይናገራል። እያንዳንዱ ምስክር የሚያውቀውን ብቻ ነው መጠየቅ ያለበት።

ማን ይለካል?

በካናዳ የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ይህ ጥያቄ በሌላ መንገድ ተመለሰ። የኤካቲ የአልማዝ ማውጫ በ1998፣ ጎረቤቱ ዳያቪክ በ2003 ማምረት ጀመሩ። ኤካቲ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በ1997፣ ክትትሉን የሚገመግም ነጻ ተቋም ተመሠረተ። ለዳያቪክም በ2000 በተፈረመው የአካባቢ ስምምነት መሠረት የተወላጅ ሕዝቦች ተወካዮች ያሉበት አማካሪ ቦርድ ተቋቋመ። ኩባንያው አቧራውን በመሰብሰቢያ ዕቃና በበረዶ ናሙና ይለካል፤ ቦርዱ ልኬቱን ይመረምራል፣ ይጠይቃል፣ ይተቻል። በ2012 እነ ቡላንጀር ባሳተሙት ጥናት ካሪቡዎች ከሁለቱ ማውጫዎች እስከ 14 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለውን መሬት እንደሚያስወግዱ ተመለከተ። ይህን ያህል ርቀት በጩኸት ወይም በእይታ ብቻ ለማስረዳት ያስቸግራል፤ ተመራማሪዎቹም አቧራ በምግባቸው ላይ ማረፉን እንደ አንድ ሊሆን የሚችል ምክንያት አቅርበዋል።

ነጻ ተቋም መኖሩ ግን መንጋውን አላዳነም። በ1986 ወደ 470,000 ይገመት የነበረው የባተርስት መንጋ በ2009 ወደ 32,000 ወርዷል፤ ቅነሳውም ማውጫዎቹ ከመከፈታቸው በፊት የጀመረ ነው። ክትትል መድኃኒት አይደለም። የካናዳው ሥርዓት የሰጠው ጥቅም ሌላ ነው፤ ስለ መንጋው የሚደረገው ክርክር ሁሉም ወገን በሚያውቀው ቁጥር ላይ እንዲቆም አድርጓል። በአላስካ ይህ የሆነው በአጋጣሚ ነው፤ በመንገዱና በጥብቅ ሥፍራው ወሰን መገናኘት።

ማጠቃለያ

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ቅጠሉ የመነሻ መረጃ ነው። ሥራ ሳይጀመር የተሰበሰበ አንድ ከረጢት ሞስ፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ከሚደረግ የአሥር ዓመት ክርክር ይበልጣል። የ1866ቱ የፓሪስ ሊከን፣ የ1962ቱ የካሪቡ ሰንሰለት፣ የ1987ቱ የመንገድ አቧራ ጥናት ሁሉም በእጅ የነበሩ እውቀቶች ናቸው። በ2000 በሬድ ዶግ መንገድ ላይ የተገኘው ነገር ስላልታወቀ የዘገየ አልነበረም፤ እንዲጠይቅ ግዴታ የተጣለበት ሳይኖር ስለቆየ ነው።

እናንተ የታሪክ ተማሪዎች የዚህ ዓይነት ዘገባ በእጃችሁ ሲገባ ከቁጥሩ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ናሙናው የተሰበሰበው ከድርጊቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የሰበሰበው ማን ነው፣ በማንስ ትእዛዝ? ምስክሩ የተጠየቀው በሚያውቀው ነገር ላይ ነው ወይስ በማያውቀው? እነዚህ ለዜና መዋዕልና ለደብዳቤ የምናቀርባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሞስም፣ የሜዳ አይጥም፣ አዳኝም ከዚህ ምርመራ ነጻ አይደሉም፤ ምርመራውን ሲያልፉ ግን ከማንኛውም የብራና ገጽ ያላነሰ ይታመናሉ።